የጓሮ አትክልት አምድ፦ ሜፕልን በቦንሳይ መልክ ስለማሳደግ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትም ወይራንና የሐበሻ ጥድን በሸክላ ውስጥ አሳጥሮ ስለማሳደግ ካቀረብነው ጽሑፍ በኋላ ወደ ዝግጅት ክፍሉ ከደረሱት ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ሜፕል የሚጠይቁ ናቸው። ሜፕል በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ፣ ክረምታቸው በሚቀዘቅዝ አገሮች የሚበቅል ዛፍ ሲሆን፣ ከመቶ በላይ ከሚሆኑት ዝርያዎቹ መካከል ለቦንሳይ፣ ማለትም ዛፍን በሸክላ ውስጥ በአሠራር አሳጥሮ ለማሳደግ፣ በይበልጥ የሚመረጡት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ቅጠሉ እንደ እጅ መዳፍ ከአምስት እስከ ሰባት ጣት የሚከፈለው የጃፓን ሜፕል፣ ሁለተኛው ደግሞ መነሻው ምሥራቅ ቻይና የሆነውና ቅጠሉ ሦስት ጣት ብቻ ያለው ትራይደንት ሜፕል ነው። ከጻፉልን አንባቢያን ብዙዎቹ የያዙት ዛፍ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አልገለጹም። ልዩነቱ ግን ከዚህ በታች እንደሚታየው በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚያሳድግ ሰው ቀላል አይደለምና፣ ወደፊት ጥያቄ ከመላክዎ በፊት የቅጠሉን ጣቶች ቆጥረው ቢጽፉልን መልሳችን የተሻለ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ። አንድ የትራይደንት ሜፕል ችግኝ በዝርግ የቦንሳይ ሸክላ ተክዬ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ደርሷል፤ ግንዱ ግን ከእርሳስ አልወፈረም። ቅርንጫፎቹን በየጊዜው እየከረከምኩ ቅርጹን ጠብቄ ይዤዋለሁ። ማዳበሪያ ብጨምርለት ይወፍር ይሆን?» (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ማዳበሪያ ብቻውን አያወፍረውም። ግንድ የሚወፍረው ቅጠሎች ባዘጋጁት ምግብ ስለሆነ፣ ቅጠል በበዛና ቅርንጫፍ ሳይነካ በረዘመ መጠን ከቅርፊቱ ሥር ያለው ሕያው ሽፋን በየዓመቱ የሚደርበው እንጨት ይጨምራል። እርስዎ በአንድ በኩል ሥሩን በዝርግ ሸክላ አጥብበው፣ በሌላ በኩል ቅርንጫፉን በየጊዜው እየከረከሙ ስለያዙት፣ ዛፉ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ለመወፈር የሚያስችለውን ያህል ቅጠል አንድም ጊዜ ይዞ አያውቅም። ዝርግ ሸክላ ተሠርቶ ያለቀ ዛፍ የሚቀመጥበት ዕቃ ነው፤ በሥዕል የምናያቸው ግንደ ወፍራም ሜፕሎች አብዛኞቹ የመጀመሪያ ዘመናቸውን ያሳለፉት መሬት ውስጥ ነው።

በዚህ ረገድ ከመሃል ከተማ ወጣ ብለው መኖርዎ ይጠቅምዎታል። የጃፓን ባለሙያዎችም ቢሆኑ ይህን ሥራ ያስፋፉት በከተማ ዳር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1923 የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን ካወደመ በኋላ፣ የከተማይቱ የቦንሳይ አትክልተኞች ሰፊ ቦታ፣ ንጹሕ ውሃና ተስማሚ አፈር ፈልገው ወደ ሰሜን በመውጣት በ1925 እስከ ዛሬ ስሙ የሚጠራውን የኦሚያ የቦንሳይ መንደር መሥርተዋል። ግቢዎ ውስጥ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን መደብ ካለ ለአንድ ዛፍ ይበቃል።

በየካቲት የቅጠሉ እምቡጦች ማበጥ ሲጀምሩና ገና ሳይፈነዱ፣ ዛፉን ከሸክላው አውጥተው ሥሩን በእንጨት ስንጥር ቀስ አድርገው ያበጥሩት። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የወረደውን ዋና ሥር ከግንዱ አጠገብ ይቁረጡት፤ ወደ ጎን የሚሄዱትን ቀጫጭን ሥሮች ግን አይንኩ። ከዚያም ከመሬቱ ከፍ ተደርጎ በተሠራው መደብ ውስጥ አንድ የወለል ሴራሚክ በጀርባው አጋድመው ዛፉን በላዩ ያቁሙና፣ ሥሮቹን በሴራሚኩ ላይ በየአቅጣጫው ዘርግተው አፈር ይመልሱባቸው። ሴራሚኩ ሥር ቁልቁል እንዳይወርድ ስለሚከለክል ሁሉም ወደ ጎን ይሄዳል፤ ከዓመታት በኋላ ግንዱ አፈሩ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ሰፍቶ፣ ሥሮቹም በዙሪያው ተዘርግተው የሚታዩት በዚህ መንገድ ነው። ልምድ ያለው ሰው አንድን ቦንሳይ ሲመለከት ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ጀማሪ ግን ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያስበው ቅርንጫፉን ሁሉ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

መደቡን ሲመርጡ ከዚህ በፊት ድንች፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ የበቀለበትን ቦታ ይተዉት። ቬርቲሲሊየም የሚባለው አፈር ወለድ ፈንገስ እነዚህን አትክልቶች እንደሚያጠቃ ሁሉ ሜፕልንም ያጠቃል፤ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ ዛፉን ከያዘው በኋላም የሚያድን መድኃኒት የለውም። ምልክቱ አንድ ቅርንጫፍ ያለ ምክንያት በድንገት መጠውለጉና፣ ሲቆረጥም በእንጨቱ ውስጥ አረንጓዴ ወይም ቡናማ መስመር መታየቱ ነው።

ዛፉ መሬት ከገባ በኋላ መቀሱን ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ያስቀምጡት። በተለይ ከግርጌው አጠገብ የሚወጣ አንድ ቅርንጫፍ ያለ ገደብ እንዲረዝም ይተዉ፤ ይህ ቅርንጫፍ ግርጌውን ለማወፈር ብቻ የሚቆይ ስለሆነ ሥራውን ሲጨርስ ይቆረጣል፣ እስከዚያው ድረስ ግን መልኩ አያሳስብዎ። ባለሙያዎች በልምድ የሚከተሉት ልክ የዛፉ ቁመት የግርጌው ውፍረት ስድስት እጥፍ እንዲሆን ነው፤ ስለዚህ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን የሚፈለግ ዛፍ ግርጌው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ መድረስ አለበት። እዚያ ሲደርስ ግንዱን በመጨረሻው ቁመት ሲሶ ላይ፣ ማለትም በ10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይቁረጡትና፣ ከቁርጡ በታች ከሚወጡት ቀንበጦች ጠንካራውን አዲስ ጫፍ አድርገው ያሳድጉት። አዲሱ ጫፍ ከታችኛው ግንድ ስለሚቀጥን፣ ዛፉ ከታች ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄደውን የሽማግሌ ዛፍ መልክ የሚያገኘው ከዚህ ነው። ቁስሉን በንብ ሰም ይሸፍኑት። ትልቅ ቁስል ቶሎ የሚሽረው ዛፉ በመሬት ላይ በጉልበት እያደገ ሳለ ነው፤ ሸክላ ውስጥ ከገባ በኋላ የተቆረጠ እንደሆነ ያው ቁስል ለመሻር ብዙ ዓመታት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ «በሱሉልታ ግቢዬ ውስጥ ሁለት የጃፓን ሜፕሎች አሉኝ። ቅጠላቸው ቀልቶ መርገፍ እንዳለበት አንብቤያለሁ፤ የእኔዎቹ ግን በታኅሣሥ ግማሹ ቅጠል ደርቆ ተንጠልጥሎ ሲቀር ግማሹ አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል። በየካቲትና በመጋቢት የሚያቆጠቁጡት ጫፍ ጫፋቸው ላይ ብቻ ስለሆነ የታችኞቹ ቅርንጫፎች ባዶ እየሆኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲህ አልነበሩም። ታመው ይሆን?» (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ከጻፉልን እንደምንረዳው ዛፎችዎ አልታመሙም፤ እንቅልፍ አጥተዋል። የጃፓን ሜፕል ቅጠሉን አርግፎ ካረፈ በኋላ እምቡጦቹ በደንብ እንዲነቁ ለሳምንታት የሚቆይ ብርድ ያስፈልገዋል፤ ይህም ብርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው የአየሩ ሙቀት ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆንባቸው ሰዓታት ነው። በቂ ብርድ ያላገኘ ዛፍ እምቡጦቹ ዘግይተውና ተበታትነው ይፈነዳሉ፣ የጫፎቹ ሲነቁ የታችኞቹ ተኝተው ይቀራሉ፣ የተኙትም እምቡጦች ዓመት ከዓመት እየደረቁ ቅርንጫፉ ባዶውን ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ባጠራቀመው ጉልበት ስለሚያልፋቸው ድካሙ የሚታየው ዘግይቶ ነው።

ከብርዱ ሌላ የቀኑ ርዝመትም አለ። ቶኪዮ በዓመቱ አጭር ቀን ከ10 ሰዓት ያነሰ፣ በረጅሙ ቀን ደግሞ ከ14 ሰዓት የበለጠ የፀሐይ ብርሃን ሲኖራት፣ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ በአጭሩና በረጅሙ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ዛፉ የብርዱ ወራት መቃረቡን የሚያውቀው ቀኑ ሲያጥርና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው፤ እዚህ የመጀመሪያው ምልክት የለም ማለት ይቻላል፣ ሁለተኛው የሚመጣው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሲሆን፣ ያንንም ቢሆን በማግሥቱ ከ20 ዲግሪ የሚያልፈው የቀን ሙቀት በከፊል ያጠፋበታል። የቅጠሉ መቅላትም በእነዚሁ ምልክቶች የሚመራ ስለሆነ፣ በሥዕል የሚታየውን ደማቅ ቀይ በአዲስ አበባ ዙሪያ መጠበቅ አይገባም።

ይሁን እንጂ ከእንጦጦ ወዲያ ያለው ሜዳ ከከተማው ይልቅ ለዚህ ዛፍ ይሻላል፤ የሱሉልታ ገበሬ የሚፈራው የኅዳር ውርጭ ለእርስዎ ሀብት ነው። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ዛፎቹን ከቤቱ ግድግዳና ከሲሚንቶ ወለል አርቀው፣ ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወርዶ በሚተኛበት የግቢው ዝቅተኛ ቦታ ላይ መሬት ያስነኳቸው። ግድግዳና ወለል ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ስለሚመልሱ፣ በረንዳ ላይ ያለ ዛፍና አጥር ሥር ያለ ዛፍ በአንድ ግቢ ውስጥ የተለያየ ሌሊት ያድራሉ። ቀን ቀን ደግሞ የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበትን የጥላ መረብ ከላያቸው ይዘርጉ፤ መረቡ የቀኑን ሙቀት ይቀንሳል፣ በበጋው ደረቅ ነፋስና በደጋው ኃይለኛ ፀሐይ የሚመጣውንም የቅጠል መቃጠል ይከላከላል።

ቅጠሉ በራሱ የማይረግፍ ከሆነ እርስዎ ያርግፉት። ይህ ከአየሩ ጋር የማይስማማ ዛፍ የሚያለሙ ሰዎች በሌላም አገር የሚሠሩበት ዘዴ ነው፤ በኢንዶኔዥያ፣ በምሥራቅ ጃቫ ባቱ በሚባለው ደጋ የፖም አምራቾች ምርቱን ከሰበሰቡ በኋላ የዛፉን ቅጠል በእጃቸው ለቅመው በመጣል አዲስ እምቡጥና አበባ እንዲያወጣ ያደርጉታል። እኛም አገር በጨንቻ ደጋ ላይ የሚለማው ፖም የብርድ አገር ዛፍ ነው፤ ሆኖም እዚያ እንዲያፈራ ያስቻለው ከፍታው ብቻ ሳይሆን ጥቂት ብርድ የሚበቃቸውን ዝርያዎች መምረጡም ነው። ለሜፕልዎ ከመስከረም ጀምሮ ናይትሮጂን የበዛበትን ማዳበሪያ ያቁሙ፣ ከጥቅምት በኋላ ውሃውን ሳያደርቁት ቀነስ ያድርጉ፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን ቅጠል ከዘንጉ ላይ በመቀስ ይቁረጡ። ዘንጉ ከቅርንጫፉ ጋር ለጥቂት ቀናት ይቆይና በራሱ ይወድቃል፤ በእጅ ቢስቡት ግን በብብቱ ያለውን እምቡጥ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ይህን ያደረገ ሰው ዛፉ በአንድ ጊዜ ስለሚያርፍ በአንድ ጊዜ እንዲነቃ ረድቶታል፤ የጎደለውን ብርድ ግን ሙሉ በሙሉ አልተካለትም።

አስተያየታችንን በግልጽ እንናገር። በቀይ ቅጠሉ ተማርኮ የጃፓን ሜፕልን በመጀመሪያ ዛፍነት የሚገዛ የአዲስ አበባ ዙሪያ ነዋሪ ጥሩ አልመረጠም። ትራይደንት ሜፕል ሞቅ ያለ አየር የበለጠ ይችላል፣ ፀሐይና ነፋስም ቶሎ አያቃጥሉትም፣ ሥሩና ግንዱም ፈጥነው ይወፍራሉ፤ ሥር በድንጋይ ላይ ተጠምጥሞ የሚታይባቸው ቦንሳዮች ብዙውን ጊዜ ከእሱ የሚሠሩትም ለዚህ ነው። ከዚህ ያነሰ ቅዝቃዜ ባላቸው አካባቢዎች፣ ለምሳሌ በገላንና በዱከም በኩል ላለ ሰው የጃፓኑን ጨርሶ አንመክርም።

ጥያቄ፦ «በየካቲት መጀመሪያ የሜፕሌን ቅርንጫፎች ከረከምኩ፤ በማግሥቱ ከቁርጦቹ ሁሉ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ አገኘሁ፣ ለቀናትም አልቆመም። አንዳንዶቹ ቅርንጫፎች ከቁርጡ ወደ ኋላ ደርቀዋል። መቼና እንዴት ነው የሚቆረጠው? ጃፓኖች ቀንበጡን በጣት ይቀጥፋሉ የሚባለውስ?» (ከሰበታ)

መልስ፦ ያዩት ፈሳሽ ዛፉ ከእንቅልፉ ሲነቃ ሥሩ ወደ ላይ የሚገፋው ውሃና ስኳር ነው። በዚያ ወቅት ሥር ይገፋል፣ የሚያተነው ቅጠል ግን ገና ስላልወጣ ፈሳሹ በተገኘው ቁስል ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ዛፉን አይገድለውም፤ ነገር ግን ቁስሉ እንዳይደርቅና እንዳይሽር ያደርገዋል፣ ቀጭን ቅርንጫፍም ወደ ኋላ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ ከጣት የወፈረ ቅርንጫፍ የሚቆረጠው የመጀመሪያው ቅጠል ወጥቶ፣ ለስላሳነቱን ትቶ ጠንከርና ጠቆር ሲል ነው፤ በእኛ አገር ይህ በሚያዝያና በግንቦት መካከል ይውላል። እስከ ሐምሌ አያቆዩት፤ ዝናብ በየቀኑ በሚመታው ቁስል ላይ ፈንገስ በቀላሉ ይገባል። ወሩን የጻፍነው ለመንደርደሪያ ያህል ነው፤ ዛፉ የሚቆረጥበትን ቀን የሚነግርዎ የቅጠሉ ጥንካሬ ነው እንጂ ከጃፓን መጽሐፍ የተቀዳ ወር አይደለም።

ሲቆርጡ የሜፕል እምቡጦች ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ እንደሚወጡ ያስታውሱ። ከአንጓው በላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር አስተርፈው ይቁረጡ፤ ከአንጓው ጋር አስጠግተው የቆረጡ እንደሆነ መድረቁ ወደ እምቡጦቹ ይደርሳል፣ የተረፈው ጉቶ ግን ሲደርቅ በኋላ ይነሣል። ከእያንዳንዱ ቁርጥ ሁለት ቀንበጥ ይወጣል፤ ሦስትና አራት በአንድ ቦታ ከወጡ ሁለቱን ብቻ አስቀርተው ሌሎቹን ያንሡ፣ አለበለዚያ ቦታው ያብጥና በኋላ የማይስተካከል እብጠት ይሆናል። የሚቀሩት ሁለቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄዱት ይሁኑ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄዱትን ያስወግዱ።

ወደ መቅጠፉ እንምጣ። እምቡጡ ሲፈነዳ በመጀመሪያ ሁለት የታጠፉ ቅጠሎች ተቃቅፈው ይወጣሉ፤ ቅጠሎቹ ከመከፈታቸው በፊት በመካከላቸው ገለጥ አድርገው ሲያዩ ከስንዴ ፍሬ የምታንስ ለስላሳ ጫፍ ትታያለች። ቀጣዩን አንጓና ቀጣዮቹን ቅጠሎች የያዘችው እርሷ ናት። በወረንጦ ጫፍ ይዘው ቀስ ብለው ቢነቅሏት ቀንበጡ በሁለቱ ቅጠሎች ላይ ይቆማል፣ የአንጓው ርቀትም አጭር ሆኖ ይቀራል። ለሁለትና ለሦስት ቀን ያህል ከዘገዩ ግን ቀንበጡ ረዝሞ ስለሚያልፍ ዕድሉ ለዚያ ዙር አለፈ፤ ስለዚህ በዚያ ሳምንት ዛፉን ጠዋትና ማታ መመልከት ያስፈልጋል፣ እምቡጦቹም በአንድ ቀን ስለማይፈነዱ ሥራው በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ነው።

ይህ ግን ግንዱና ዋና ዋና ቅርንጫፎቹ ተሠርተው ላለቁለት ዛፍ የሚደረግ ነው። ቀንበጡ የተቀጠፈበት ዛፍ አይወፍርም፣ ይደክማልም። ገና በማደግ ላይ ያለ ዛፍ ላይ ቀንበጡ አራትና አምስት አንጓ እስኪያወጣ ትተው፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ወይም ወደ ሁለተኛው አንጓ መልሰው መቁረጥ ይበቃል። በተሠራው ዛፍ ላይም ቢሆን ሁሉንም ቅርንጫፍ እኩል አይቅጠፉ። የጫፉ እምቡጥ ኦክሲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ወደ ታች እየላከ የታችኞቹን ስለሚያዳክም፣ የሜፕል ጉልበት ሁልጊዜ ወደ ላይና ወደ ውጭ ይሸሻል፤ ከላይ አጥብቀው ይቅጠፉ፣ ከመሃል ለዘብ ያድርጉ፣ የታችኞቹን ደካማ ቅርንጫፎች ደግሞ ጭራሽ ሳይነኩ ይተዉአቸው። በላይኛው ክፍል ከእያንዳንዱ ጥንድ ቅጠል አንዱን በግንቦት ማንሣትም ብርሃን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሙሉውን ቅጠል ማርገፍ ግን በዚያው ዓመት አፈሩ ለተቀየረለት ወይም ለደከመ ዛፍ አይደረግም።

ጥያቄ፦ «የቦንሳይ መጻሕፍት ሁሉ አካዳማ የሚባል የጃፓን አፈር ያዝዛሉ። እኔ የምኖረው በአቃቂ መረሬ ላይ ነው፤ መረሬውን ከፍግ ጋር ቀላቅዬ ብተክል የሜፕሌ ቅጠል ዳር ዳሩ ይቃጠላል፣ በክረምትም ይጠወልጋል። ምን ልጠቀም?» (ከአቃቂ)

መልስ፦ አካዳማ በካንቶ ሜዳ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘ እንክብል ሸክላ አፈር ነው። ጥቅሙ እያንዳንዷ እንክብል ውሃ ይዛ፣ በእንክብሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ አየር መያዙ ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ በስምጥ ሸለቆ ጫፍ ላይ ለሚኖር ሰው ከውጭ የሚታዘዝ አይደለም። ከቢሾፍቱ ዙሪያ ኮረብታዎች እየተቆፈረ ለመንገድና ለግንባታ የሚመጣው፣ ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ እንዲሁም የብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበት ፈካ ያለና ቀላል ፑሚስ ለዚህ ሥራ ይሆናሉ። ብሎኬት ከሚመረትበት ቦታ ግማሽ ጆንያ ለምኖ ወይም ገዝቶ ማምጣት ይቻላል።

ሁለቱንም በወንፊት ነፍተው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለውን ያስቀሩ፤ ከዚያ የደቀቀውን አይጠቀሙበት፣ ዱቄቱ ውሃ ሲነካው ታች ወርዶ ቀዳዳውን ይደፍናልና። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ይጠቡት። ሁለት እጅ ፑሚስ፣ ሁለት እጅ ቀይ ጠጠርና አንድ እጅ በደንብ የበሰለና የተነፋ ኮምፖስት ጥሩ መነሻ ነው፤ ገና በማደግ ላይ ላለ ዛፍ ኮምፖስቱን ትንሽ ከፍ፣ ለተጠናቀቀ ዛፍ ዝቅ ያድርጉት። በትክክል የተዘጋጀ ከሆነ ከላይ ያፈሰሱት ውሃ ሳይተኛ ወዲያው ከታች ይወጣል። መረሬው ግን በበጋ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል፣ በክረምት ውሃ ይዞ ሥሩን አየር ያሳጣዋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ዛፍዎ የጠወለገው ውሃ በዝቶበት መሆኑን አንጠራጠርም።

ይህ ድብልቅ ምግብ አይይዝም። ስለዚህ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ድረስ ቀጠን ያለ ማዳበሪያ በየሁለት ሳምንቱ ይስጡት፤ ዩሪያ ብቻውን መስጠት ግን የአንጓውን ርቀት ያስረዝማል፣ በዝቶም ሥር ያቃጥላል። በበጋ በቀን አንድ ጊዜ፣ ነፋስ በበዛበት ቀን ሁለት ጊዜ ማጠጣት ያስፈልጋል።

ስለ ቅጠሉ መቃጠል ሁለት ነገር ይለዩ። ፀሐይና ነፋስ በሚመታው ጎን ያሉት ቅጠሎች ብቻ ከተቃጠሉ ምክንያቱ አየሩ ነው፤ የጥላ መረብ ይበቃል። በጥላ በኩል ያሉትም ሁሉ ዳር ዳራቸው እኩል ከቡነነ ግን ውሃውን ይጠርጥሩ። ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃ በሸክላው ጠርዝና በአፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት እየተወ ይሄዳል። በክረምት ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በሮቶ ቢያጠራቅሙ ለጥቂት ሸክላዎች እስከ ታኅሣሥ ይዘልቅልዎታል፤ ከዚያ በኋላ በጉድጓዱ ውሃ ሲያጠጡ አንዳንዴ ውሃው በብዛት ከታች እስኪፈስ አድርገው ጨዉን ያጥቡት።

ጥያቄ፦ «ቅርንጫፉን በአልሙኒየም ሽቦ ጠምዝዤ ነበር፤ ሽቦውን ስፈታ ቅርፊቱ ላይ ጥልቅ ምልክት ቀረ። ይጠፋ ይሆን?» (ከቡራዩ)

መልስ፦ ጥልቅ ከሆነ ለብዙ ዓመታት ይታያል። የሜፕል ቅርፊት ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ፣ በእድገት ወራት ሽቦውን በየሳምንቱ እየተመለከቱ፣ መንከስ እንደጀመረ ቆራርጠው ማውጣት ይገባል፤ ጠምዝዘው እየፈቱ ማውጣት ቀንበጡን ይሰብራል። ለአርማታ ብረት የሚያገለግለውን ጥቁር ሽቦ ደግሞ አይጠቀሙ፤ ደረቅ ነው፣ ይዝጋልም። ከእርሳስ የወፈረውን ቅርንጫፍ ከመጠምዘዝ ይልቅ በገመድ ወደ ሸክላው ጠርዝ አስሮ ወደ ታች መሳብ ይሻላል፤ ገመዱ የሚያርፍበትን ቦታ በጨርቅ ይሸፍኑ። እኛ የምናደላው ግን በደቡብ ቻይና ጓንግዶንግ ወዳደገው የሊንግናን ዘዴ ነው፤ እዚያ ቅርንጫፍ ይረዝማል፣ ይቆረጣል፣ ወደሚፈለገው አቅጣጫ የሚያይ እምቡጥ ተመርጦ እንደገና ይረዝማል። ሽቦ ከሚሠራው ይልቅ ዘግይቶ ይሠራል፤ የሚሰጠው የተሰበረ መስመር ግን በተፈጥሮ ዛፍ ላይ የሚታየው ነው።

ጥያቄ፦ «የምኖረው በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ መሬት የለኝም። ኢንተርኔት ላይ የቦንሳይ ሜፕል ዘር የሚሸጡ አየሁ፤ በሰማያዊ ቅጠል የሚበቅልም አለ ይላሉ። ልግዛ?» (ከየካ አባዶ)

መልስ፦ ሰማያዊ ቅጠል ያለው ሜፕል የለም። የቦንሳይ ዘር የሚባልም የለም፤ ቦንሳይ ከማናቸውም ዛፍ ዘር ተነሥቶ በአሠራር የሚያጥር እንጂ በዘሩ ያጠረ አይደለም፤ ዛሬ በሸክላ የያዙትን ሜፕል ነገ ግቢ ውስጥ ቢተክሉት ትልቅ ዛፍ ይሆናል። ዘርም ሆነ ችግኝ ከውጭ ለማስገባት ደግሞ ቅድመ ፈቃድና የእጽዋት ጤና የምስክር ወረቀት ስለሚያስፈልግ፣ በፖስታ ቤት በሚመጣ ኤንቨሎፕ ውስጥ የተደበቀ ዘር መያዝ አያዋጣም።

ሜፕል በቤት ውስጥ አይኖርም፤ በረንዳዎ ጠዋት ፀሐይ ካገኘ ግን ትራይደንቱን 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ሰፊ ዕቃ ማሳደግ ይቻላል፣ ግንዱ የሚወፍረው ቀስ ብሎ ቢሆንም። በሕጋዊ መንገድ የመጣ ዘር ካገኙ ለአንድ ቀን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው የሚሰጥመውን ይውሰዱ፤ የሚንሳፈፈው ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው። ከዚያ በእርጥብ አሸዋ ጠቅልለው በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ በፍሪጁ ታችኛ መሳቢያ፣ 4 ዲግሪ አካባቢ ላይ ለሦስት ወር ያህል ያቆዩት፤ በየሁለት ሳምንቱ ከረጢቱን ከፍተው አየር ያስገቡ፣ ሻጋታ ካዩም ዘሩን አጥበው አሸዋውን ይቀይሩ። በጥቅምት መጨረሻ ፍሪጅ የገባ ዘር በየካቲት መጀመሪያ ነጭ ሥር ማውጣት ሲጀምር ወደ ችግኝ ሣጥን ይዛወራል።